«ሪቪው ላይ እንደዚህ አላሉማ!»

ይቺን ነገር ስሰማ ቁልፌን ጥዬ መሄድ ያምረኛል። ሜክሲኮ አካባቢ ጎማና አላይመንት ነው የምሠራው። ደንበኛው ስልኩን ያወጣና ሪቪው፣ ማለትም የመኪና ግምገማ ቪዲዮ ከፍቶ፣ አንድ ፈረንጅ ባዶ ተራራ ላይ ኤኤምጂ (የመርሰዲስ ስፖርት መኪና) እያጣጠፈ ሲያሞግስ ያሳየኛል። ከዚያ «የኔ ታዲያ ለምን ይዋልላል?» ይለኛል። እስቲ ደንበኞቼ የሚሉኝን አንድ በአንድ እንየው።

«ሪቪወሮች ተከፍሏቸው ነው የሚያወሩት።» የሚከፈላቸው አይጠፉም። ግን በ1997 እ.ኤ.አ. መርሰዲስ ኤ ክላስን በድንገተኛ መታጠፍ ሙከራ የገለበጡት የስዊድን መጽሔት ጋዜጠኞች ናቸው። ኩባንያው ማስረከቡን አቁሞ ኢኤስፒ (መኪናው እንዳይንሸራተት የሚቆጣጠር ኤሌክትሮኒክስ) ገጠመለት። በ2010 ደግሞ ለሸማቾች ዕቃ የሚፈትሸው የአሜሪካው ኮንሲውመር ሪፖርትስ ሌክሰስ ጂኤክስ 460ን «አትግዙ» አለ፤ ኩርባ ላይ እግርን ከነዳጅ ላይ ሲያነሱ ኋላው ወደ ጎን ይንሸራተት ነበር። ቶዮታ ሽያጩን አቁሞ ሶፍትዌሩን አስተካከለ። ይሄ መኪና እዚህ ከተማውን የሞላው የፕራዶ ወንድም ነው።

«ከባድ መኪና መንገድ ይይዛል።» አይይዝም። አዲሱ ቢኤምደብሊው ኤም 5 ከ2,400 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ያንን ሁሉ ክብደት ለማጠፍ የኋላ ጎማው ራሱ እንዲዞር ተደርጓል። ሪቪወሮቹም ስለ ክብደቱ ያማርራሉ፤ ደንበኞቼ ግን እሷን ቦታ ዘለው ነው የሚያዩት።

«መሪው ከከበደ ጥሩ ነው።» ስፖርት ሞድ ላይ መሪውን የሚያግዘው ኤሌክትሪክ ሞተር እገዛውን ቀነሰብህ እንጂ ሌላ ምንም የለም።

«ፎር ዊል ስለሆነ አይንሸራተትም።» ለመነሳት ይረዳሃል፤ ለመቆም አይረዳህም። ሐምሌ ላይ ቸርችልን ቁልቁል ስትወርድ ይገባሃል።

አሁን ወደሚያናድደኝ። «እዚያ አንደኛ ከተባለ እዚህም አንደኛ ነው።»

ወንድሜ፣ ሰውዬው የፈረደው በነዳው መኪና ላይ ነው። ያንን መኪና ብዙ ጊዜ አምራቹ ራሱ ነው የሚያቀርብለት። ጎማው አዲስ ነው፣ ነፋሱ ተለክቷል፣ አላይመንቱ ልክ ነው። ጎበዙ ሪቪወር በየትኛው ጎማ እንደነዳ ሳይቀር ይነግርሃል። ፍርዱ ትክክል ነው፤ ያንተ መኪና ግን ያ መኪና አይደለም።

ባለፈው አንድ ጋሼ የጀርመን ቪ ስምንታቸውን ይዘው መጡ። «ሰማንያ ላይ ኋላው ይደንሳል» አሉኝ። አነሳሁት። ኋላ በቀኝ ራንፍላት (ነፋሱ ቢወጣም የሚነዳ ጎማ)፣ በግራ ተራ ጎማ ገጥመዋል። የግራው ጎን ላይ 1415 ይላል፤ የ2015 አሥራ አራተኛው ሳምንት ማለት ነው። የታችኛው ክንድ ቦኮላ (ክንዱ መጋጠሚያ ላይ ያለው ላስቲክ) ተቀዶ ተንጠልጥሏል። ይሄንን ሁሉ አሳይቻቸው «ጎማ ጎማ ነው፣ እዚያ ግን መንገድ አያያዙ ተወዳዳሪ የለውም ብለዋል» አሉኝ። እኔስ ምን ልበል? አንድ ጎማ አስፋልት የሚነካው በመዳፍ ያህል ቦታ ነው፤ ያ ሁሉ የፈረስ ጉልበትና ኤሌክትሮኒክስ በዚያች በኩል ነው የሚያልፈው።

ስለዚህ ሪቪውን ከመጥቀስህ በፊት ጎንበስ በል። የጎማውን አራት አሃዝ አንብብ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንት፣ የመጨረሻዎቹ ዓመት ናቸው። ኩባንያው ያጸደቀው ጎማ ምልክት አለው፦ ለቢኤምደብሊው ኮከብ፣ ለመርሰዲስ ኤምኦ፣ ለፖርሸ ኤን ከነቁጥሯ። ካጣህ እንኳ ቢያንስ ግራና ቀኙ አንድ ዓይነት ይሁን። ነፋስ ጠዋት ሳትነዳ አስለካ፤ ልኩ በሹፌሩ በር በኩል ተለጥፏል፣ የጎሚስታውን ግምት ተወው።

ስፖርት ሞዱንም ኮብልስቶን ላይ አጥፋው። ዋናው መንገድ በኮሪደር ልማቱ ለስልሶ ሊሆን ይችላል፤ ወደ ሰፈር ስትገባ ግን ሾካብዞርበሩ ደንድኖ ጎማው ከመሬት እየዘለለ ምኑን ይይዛል? ቸርኬህ ከተጣመመ ደግሞ መጀመሪያ ይቃና። በተጣመመ ቸርኬ አላይመንት ሥራልኝ የሚለኝ ሰው፣ ገንዘቤን በነጻ ውሰድልኝ እያለኝ ነው።