ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከህዋ መለካት

ሳተላይት ካርቦን ዳይኦክሳይድን ይለካል ሲባል አየር ቀድቶ የሚመረምር ይመስላል። አይደለም። የሚያየው ብርሃን ነው። የፀሐይ ብርሃን አየሩን አቋርጦ መሬት ይነካል፤ ከዚያም ተንጸባርቆ ወደ ህዋ ይመለሳል። በመንገዱ ላይ ጋዙ የተወሰኑ የብርሃን ሞገዶችን ይውጣል፤ በተለይ 1.6 እና 2 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው) አካባቢ ያሉትን። ስፔክትሮሜትር የሚባለው መሣሪያ የጎደለውን አይቶ የጋዙን መጠን ያሰላል። ኦክስጅንም አብሮ ይለካል። የኦክስጅን ድርሻ ስለሚታወቅ፣ ብርሃኑ ምን ያህል አየር እንዳቋረጠ ይጠቁማል።

ሲወራ ቀላል ይመስላል። ጋዙ ግን ከሚሊዮን የአየር ሞለኪውል 420 ገደማ ቢሆን ነው፤ የሚፈለገው ደግሞ የአንዲቷን ልዩነት መለየት ነው። ደመና ከጋረደ አለቀ።

ከቀዳሚዎቹ አንዱ ከ2002 እስከ 2012 (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በአውሮፓው ኤንቪሳት ሳተላይት ላይ የሠራው ሲያማኪ የተባለ መሣሪያ ነው። ለዚሁ ሥራ ተብሎ የተሠራው ግን የጃፓኑ ጎሳት ሳተላይት ሲሆን፣ ጃንዋሪ 23 ቀን 2009 መጠቀ። ቅጽል ስሙ ኢቡኪ ነው፤ ትንፋሽ ማለት ነው። ስም ማውጣት እንዲህ ነው!

የናሳው ኦሲኦ ወር ሳይቆይ ፌብሩዋሪ 24 ተከተለ። ዕድል ግን ፊቷን አዞረችበት። ሳተላይቱን የሸፈነው የሮኬቱ ጫፍ አልላቀቅ አለ። ክብደቱ ከበደ፤ ምህዋር ሳይደርስ አንታርክቲካ አጠገብ ባሕር ውስጥ ገባ። የዓመታት ልፋት በደቂቃዎች ውስጥ አለቀ። ባለሙያዎቹ ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ስሌታቸውን ይዘው ከጃፓኖቹ ጋር የኢቡኪን መረጃ መተንተን ጀመሩ። ስለዚህ ምትኩ ኦሲኦ-2 ጁላይ 2 ቀን 2014 ሲመጥቅ ስሌቱ በደንብ ተፈትኖ ነበር። ለ2 ዓመት የታቀደው ይህ ሳተላይት 10 ዓመት አልፎም ሠርቷል። በቀን ወደ 1 ሚሊዮን ጊዜ ይለካል፤ አብዛኛው ግን በደመና ምክንያት ይጣላል። ከመለዋወጫዎቹ የተገጣጠመው ኦሲኦ-3 በ2019 ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ሄደ። ቻይናም በ2016 ታንሳት የተባለውን ሳተላይቷን አምጥቃለች።

በሳተላይት መረጃ ላይ ተመሥርቶ በ2019 የወጣ ጥናት፣ ሰሜናዊው ሐሩራማ አፍሪካ ከሚወስደው ካርቦን የሚለቀው ይበልጣል ብሏል። ሁሉም ግን አልተቀበለውም፤ ደመናና አቧራ መለኪያውን አሳስተውት ይሆናል የሚሉ አሉ። ሳተላይቶቹ የሚመሳከሩት ቲኮን በተባለው የምድር ጣቢያዎች መረብ ነው። ጣቢያዎቹ ደግሞ በሐሩራማው አካባቢ ጥቂት ናቸው።