የዳር ነርቭ ጉዳት ምንድን ነው? ከኮሮና በኋላ እግር ሲደነዝዝ

አንድ ሰው ከኮሮና ተሻለው እንበል። ትኩሳቱ ለቆታል፣ ሳሉም ቆሟል። ከሳሎን ወደ ጓዳ ሲሄድ አንደኛው ነጠላ ጫማው መሃል ላይ ወልቆ ይቀራል። እሱ ግን አላወቀም። ያየችው ልጁ ናት። "አባዬ፣ ጫማህ ወልቋል!" ስትለው ነው ዝቅ ብሎ እግሩን የሚያየው።

ብዙ ሰው ይህን የበሽታው ድካም ነው ብሎ ያልፈዋል። ቤተሰብም "ብርድ መቶህ ነው" ይላል፣ ወይም ወጌሻ ያስጠራል። ሐኪም ግን መጀመሪያ ከሚጠረጥራቸው ነገሮች አንዱ የዳር ነርቭ ጉዳት ነው።

አንጎልና በጀርባ አጥንት ውስጥ የሚወርደው ህብለ ሰረሰር የነርቭ ሥርዓታችን ማዕከል ናቸው። ከዚያ ወጥተው እስከ ጣት ጫፍ፣ እስከ ፊት ጡንቻ፣ እስከ ልብና አንጀት የሚደርሱት የዳር ነርቮች ይባላሉ። አንዳንዶቹ ጡንቻን ያዛሉ። ሌሎቹ ሙቀትን፣ ሕመምንና ንክኪን ለአንጎል ያደርሳሉ። የልብ ምትንና የደም ግፊትን እኛ ሳናስበው የሚያስተካክሉም አሉ። ለዚህ ነው የታማሚው አቤቱታ የሚለያየው። አንዱ "ይወረኛል፣ ጉንዳን የሚሄድብኝ ይመስለኛል" ይላል። ሌላውን ሌሊት ሌሊት መርገጫው ያቃጥለዋል። ሌላው ምንም ሳያመው እግሩ ይከዳዋል። ብድግ ሲል ዓይኑ የሚጨልምበትም አለ።

በጣም የሚያስፈራው ዓይነት ጊያን ባሬ ሲንድረም ነው። ስሙ የመጣው በ1916 (እ.ኤ.አ.) ሁለት ወታደሮች ላይ ያዩትን ከጻፉ ፈረንሳውያን ሐኪሞች፣ ከዦርዥ ጊያንና ከዣን አሌክሳንደር ባሬ ነው። እዚህ ነርቩን የሚመታው ቫይረሱ ሳይሆን የሰውየው የራሱ መከላከያ ነው። ተህዋሲን ለመዋጋት የተነሳው ኃይል ተሳስቶ የነርቭን ልባስ፣ ማይሊን የሚባለውን፣ ይልጠዋል። ጤነኛ የክንድ ነርቭ መልእክትን በሰከንድ 50 ሜትር ያህል ያስሮጣል። ልባሱ ሲላጥ ግን መልእክቱ ይዘገያል፣ አንዳንዴም ጭራሽ አይደርስም።

በሽታው ከኮሮና በፊትም ነበረ። ካምፒሎባክተር የሚባለው ባክቴሪያ ካመጣው ተቅማጥ በኋላ፣ ከዚካ ቫይረስ በኋላም ይከሰታል። በዓመት የሚይዘው ከ100,000 ሰው አንድ ወይም ሁለት ነው። በ2020 (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ በሰሜን ጣሊያን ሦስት ሆስፒታሎች ውስጥ አምስት የኮሮና ታማሚዎች በዚህ ተያዙ። ድካሙ የጀመራቸው የመጀመሪያው የኮሮና ምልክት ከታየ ከ5 እስከ 10 ቀን ውስጥ ነበር። በእንግሊዝ ግን በዚያው ዓመት እንቅስቃሴ በተገደበባቸው ወራት የጊያን ባሬ ታማሚ ቁጥር እንዲያውም ቀነሰ። ሰው ቤቱ ሲቀመጥ ሌሎች ተላላፊ በሽታዎችም ስለሚቀንሱ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ግንኙነቱ ምን ያህል ጠንካራ ነው የሚለው ተመራማሪዎችን አከራክሯል። ለታማሚው ግን ክርክሩ ምንም አይለውጥም። ምልክቱ አንድ ነው።

ምልክቱን እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ዛሬ የሁለቱም እግር ጣቶች ይደነዝዛሉ። ነገ ደረጃ መውጣት ያቅታል። ከነገ ወዲያ ከመቀመጫ ለመነሳት ሰው መደገፍ ይመጣል፣ ቀጥሎም እጅ ጀበና ማንሳት ይሳነዋል። ከታች ወደ ላይ፣ በሁለቱም ጎን፣ በቀናት ውስጥ። እንዲህ ከሆነ በዚያው ቀን ሆስፒታል ነው። እስከ ሰኞ እንየው አይባልም፣ እሽትም አይሞከርም። ከአምስት ታማሚ አንዱ ገደማ የመተንፈሻ ጡንቻው ደክሞ መሣሪያ ያስፈልገዋል። ሕክምናው ኢሚኖግሎቡሊን የሚባለውን፣ ከለጋሾች ደም የሚገኝ የመከላከያ ፕሮቲን፣ በደም ሥር መስጠት፣ ወይም የደሙን ፈሳሽ ክፍል አውጥቶ መተካት ነው። ሁለቱም ቶሎ ሲጀመሩ ነው የሚጠቅሙት። ውድ መሆናቸውና እንደልብ አለመገኘታቸው ያሳዝናል። ቢሆንም ቶሎ መድረስ ትንፋሽን ለመከታተል ብቻ እንኳ ሕይወት ያድናል።

ከኮሮና ጋር ነርቭ የሚጎዳበት ሁለተኛው መንገድ የአልጋ አተኛኘት ነው። በጽኑ ሕሙማን ክፍል ኦክስጅን እንዲሻሻል ታማሚዎች ለረጅም ሰዓት በደረታቸው ይተኙ ነበር። ያ አተኛኘት ብዙ ሰው አድኗል፣ ነገር ግን ክርንና ትከሻ ላይ ያለ ነርቭ ይጫናል። ቺካጎ ውስጥ ከጽኑ ኮሮና ተርፈው ወደ ማገገሚያ ከገቡ 83 ሰዎች 12ቱ እንዲህ ያለ ጉዳት ተገኝቶባቸዋል። ከሞት ተርፎ ትንሿን ጣት ማዘዝ ያቃተው ሰው ምክንያቱ ሳይነገረው ቤቱ ሲገባ ያሳዝነኛል።

የፊት መጣመምም ከኮሮና በኋላ የታየበት ሰው አለ፣ እሱም የነርቭ ነገር ነው። ከሁሉ የሚያደክመው ግን የቀጫጭኖቹ ነርቮች ጉዳት ይመስለኛል። የተለመደው የነርቭ ፍጥነት ምርመራ ትልልቆቹን ብቻ ስለሚለካ ውጤቱ "ደህና ነህ" ይላል፣ ሰውየው ግን ሌሊቱን ሙሉ እግሩ ይነድዳል። ጉዳቱ የሚታየው ከቆዳ ትንሽ ናሙና ተወስዶ ሲመረመር ነው። ስለዚህ "ውጤትህ ንጹህ ነው" ስለተባለ ሕመሙን ፈጥሮ ነው የሚያወራው አትበሉት።

ሁሉንም በኮሮና ማሳበብም አይገባም። ስኳር፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ኤችአይቪ፣ የቲቢ መድኃኒቱ አይዞኒያዚድ፣ አልኮል፣ ሁሉም የዳር ነርቭ ይጎዳሉ። የስኳር ምርመራ ሳይደረግ "ኮሮናው ነው" ተብሎ የተዘጋ ጉዳይ በሩ ይከፈት።

ማገገም ዘገምተኛ ነው። ልባሱ ብቻ ከተላጠ በሳምንታትና በወራት ሊታደስ ይችላል። ውስጡ ያለው ክር ከተቆረጠ ግን ተመልሶ የሚያድገው በቀን 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከጉልበት እስከ ጣት ግማሽ ሜትር ቢሆን ከአንድ ዓመት በላይ ነው። በፊዚዮቴራፒ አራት ወር ተመላልሶ "አልሠራልኝም" ብሎ የሚተው ሰው ይህን ቁጥር ቢያውቀው ኖሮ ይቀጥል ነበር።

እስከዚያው ድረስ አንድ ነገር። እግር ሲያም በሞቀ ውሃና ጨው መንከር የቤታችን መድኃኒት ነው። የደነዘዘ እግር ግን ሙቀቱን አያውቀውም፣ ሰውየው የሚረዳው ቆዳው ሲያብጥና ውሃ ሲቋጥር ነው። ውሃውን መጀመሪያ እሱ በክርኑ ወይም ሌላ ሰው በእጁ ይለካው። ማታ ማታ ደግሞ የእግሩን መርገጫ መብራት ላይ አዙሮ ይየው፣ ቁስል ካለ ሳያመው ሊሰነብት ይችላልና።