«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል»፦ የአንድ አነጋገር ትርጓሜና መነሻ

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ምሳሌያዊ አነጋገር ያልሰማ አማርኛ ተናጋሪ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ጉቦ ሲቀበል ስለተያዘ ሹም ወሬ በተነሣ ቁጥር፣ ለዓመታት በመንግሥት መኪና ሲመላለስ የኖረ የመምሪያ ኃላፊ ከቦታው ተነሥቶ የታክሲ ሰልፍ ላይ በታየ ቁጥር፣ አዲስ የተሾመ ዘመድም «ሹመት ያዳብር» ተብሎ ከተመረቀ በኋላ በቀልድ መልክ ምክር ሲጣልለት፣ ከሰው አፍ የሚወጣው ይኸው ነው። ላይ ላዩን ሲታይ ማብራሪያ የሚያሻው አይመስልም፤ በሥልጣን ዘመኑ ያልተጠቀመ ሰው ከሥልጣኑ በወረደ ጊዜ ያዝናል ማለት ነው። ይሁንና ሀብትና ማዕረግ የሰውን ምግባር ይለውጣሉ ወይስ አይለውጡም ለሚለው የቆየ ጥያቄ ይህ አነጋገር ከብዙ ስብከት ይልቅ የሰላ መልስ የያዘ ስለሚመስለኝ፣ ከቃላቱ ጀምሬ ልፍታው።

አነጋገሩ አራት ቃላት ብቻ ነው፤ አራቱም ግሦች ናቸው። «ሲሾም» እና «ሲሻር» በተደራጊ መልክ የቀረቡ በመሆናቸው ሹመቱም ሽረቱም ከሌላ እጅ የሚመጡ ናቸው። «ይቆጨዋል» ደግሞ እንደ «ይርበዋል»፣ «ይጠማዋል»፣ «ያመዋል» ሁሉ ሰውየውን ባለቤት ሳይሆን ተሳቢ የሚያደርግ ግሥ ነው፤ ቁጭቱ በላዩ ላይ ይመጣበታል እንጂ እሱ አያመጣውም። ስለዚህ በዚህች አጭር ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሹሙ በገዛ እጁ ሊያደርገው የሚችለው ነገር አንድ ብቻ ሆኖ ይገኛል፤ እሱም መብላት ነው። ሌላው ሁሉ የሚደረግበት ነው። አነጋገሩን የፈጠረው ሰው ሰዋስው አስቦ እንዳልተናገረ ግልጽ ቢሆንም፣ የሹምን ዕጣ ከዚህ በተሻለ ሁኔታ በአራት ቃላት መግለጽ የሚቻል አይመስለኝም።

ከሁሉም በላይ ግን ልብ ሊባል የሚገባው የመጨረሻው ቃል ነው። አማርኛ ጸጸትንና ቁጭትን ለይቶ ያውቃል። ጸጸት ሰው ለሠራው ጥፋት የሚሰማው ነው፤ የበደለ ይጸጸታል፣ ተጸጽቶም ንስሐ ይገባል። ቁጭት ግን ሳይደረግ ለቀረ ነገር ነው። መሬት በርካሽ ሲሸጥ ሳይገዛ የቀረ ሰው ይቆጨዋል፤ አባቱ በሕይወት ሳሉ አንድ ጋቢ እንኳ ሳይገዛላቸው የቀረ ልጅም ይቆጨዋል። ሁለተኛው ምሳሌ እንደሚያሳየው ቁጭት የጥቅም ብቻ ሳይሆን የግዴታም ስሜት ሊሆን ይችላል። አነጋገሩ «ሲሾም የበላ ሲሻር ይጸጸታል» ሊል ይችል ነበር፤ እንዲያ ቢል ኖሮ ተግሣጽ ይሆን ነበር። ያላለው ሆን ብሎ ነው። ሳይበሉ መቅረትን ለአባት ጋቢ ሳይገዙ ከመቅረት ጎን አስቀምጦታል፤ መብላቱ ለራስ፣ ለሚስት፣ ለልጅ፣ ለዘመድ የሚፈጸም፣ ካልተፈጸመም የሚያስወቅስ ኃላፊነት ሆኗል ማለት ነው።

ይህ እንዴት ሊሆን እንደቻለ ለመረዳት «መብላት» በቀድሞው ሥርዓት ምን ማለት እንደነበረ ማየት ያስፈልጋል። በዚያ ሥርዓት ሹም በወር የሚቆጠር ደመወዝ አልነበረውም። ንጉሥ አንድን ሰው ሲሾም የሚሰጠው በአንድ አገር ላይ ግብር የመሰብሰብ መብት ነበር፤ ይህም ጉልት ይባላል። ርስት የገበሬው ነው፣ ከአያት ከቅድመ አያት የሚወረስ ነው፤ ጉልት ግን በዚያ ርስት ላይ የተጫነ የሹሙ ድርሻ ነው። ገበሬው እህሉን ይሰፍራል፣ ማሩን ያመጣል፣ በሁዳድ፣ ማለትም በሹሙ እርሻ ላይ፣ ጉልበቱን ይሰጣል፣ ሹም በመንገድ ሲያልፍም ድርጎ ያቀርባል። ሹሙም ከዚህ ለራሱና ለተከታዮቹ የሚሆነውን አስቀርቶ የቀረውን ወደ በላዩ ይልካል። ጉልት መብላት እንግዲህ ስርቆት አልነበረም፤ የሹመቱ ትርጉም ራሱ ነበር። «ግብር» የሚለው ቃል እንኳ ገበሬው የሚከፍለውንም በቤተ መንግሥት የሚበላውንም ድግስ በአንድነት ይጠራል። ዳግማዊ ምኒልክ በአዲስ አበባ ባሠሩት አዳራሽ በሺህ የሚቆጠር ሰው እንደ ማዕረጉ ተራ እየገባ ግብር ይበላ ነበር፤ በአንድ በኩል የተገበረው በሌላ በኩል ይበላል፣ ቃሉም አይለወጥም።

ነገር ግን ጉልቱ ብዙውን ጊዜ የሚቆየው ሹመቱ እስከቆየ ድረስ ነው። ነገሥታቱ ሹማምንት በአንድ አገር ላይ ሥር ሰድደው እንዳያምፁ ስለሚሰጉ ሹም ሽርን የመግዣ ብልሃት አድርገውት ነበር። ዛሬ የሰሜን ገዥ የሆነ ሰው በነጋታው ከነአሽከሮቹ በቤተ መንግሥት ደጅ ቆሞ ደጅ ሊጠና ይችላል። የተሻረ ሹም ጡረታ የለውም፤ እስከ ትናንት ያጀቡት ተከታዮቹም ቀለብ ወደሚሰጥ ሌላ ጌታ ይሄዳሉ። ጉልቱን ለልጅ ልጁ የሚያወርስ፣ ባለ ርስተ ጉልት የተባለው መኳንንት፣ ለገበሬው ሊራራ ምክንያት ነበረው፤ ዛሬ ያደኸየው ገበሬ ነገ ለልጁ የሚገብር ገበሬ ነውና። መቼ እንደሚነሣ የማያውቀው ሹም ግን ይህ ምክንያት የለውም። በአንድ መከር ውስጥ የሚቻለውን ሁሉ መሰብሰብ ነበረበት፤ እንዲህ በማድረጉም ከባለ ርስተ ጉልቱ የከፋ ልብ ነበረው ማለት አይቻልም።

አነጋገሩ የሚናገረው ስለ ማን እንደሆነ አሁን ጠበብ አድርጎ ማየት ይቻላል። ስለ ንጉሥ አይደለም፤ ለእሱ «ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ» የሚል ሌላ ተረት አለው፣ የሚሽረው ባለመኖሩም የሚያስቸኩለው የለም። ስለ ድሃው ገበሬም አይደለም፤ እሱ የሚሾመው የለውም። አነጋገሩ የተቆረጠው በሁለቱ መካከል ለቆመው፣ ወደ ላይ ለሚፈራውና ወደ ታች ለሚያስፈራው ሰው ነው።

በእኛ ዘመን ባለጸጋው ወይስ ድሃው ይበልጥ ያጭበረብራል የሚለውን ጥያቄ በሙከራ ለመፍታት የሞከሩ ብዙዎች ናቸው። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ የተሠራና በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በሰፊው ተወርቶለታል። ተመራማሪዎቹ በሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ መንገድ ዳር ሆነው የሚያልፉትን መኪኖች እንደ ውድነታቸው በአምስት ደረጃ ከፍለው ሲታዘቡ፣ በመሻገሪያው ላይ ለቆመ እግረኛ ቅድሚያ የነሡት ከውድ መኪኖች መካከል ወደ ግማሽ ሲጠጉ፣ ከርካሾቹ መካከል ግን አንድም አልተገኘም። እኔን ይበልጥ የሳበኝ የዚያው ጥናት የመጨረሻ ክፍል ነው። ተሳታፊዎቹ ስስት የሚሰጣቸውን ሦስት ጥቅሞች እንዲጽፉ ከተደረገ በኋላ ጥያቄ ሲቀርብላቸው፣ ዝቅተኛ ኑሮ ያላቸውም ከባለጸጎቹ ባልተናነሰ ሁኔታ ላልተገባ ሥራ ዝግጁ ሆነው ተገኙ። ልዩነቱ የሚመጣው ከደም ወይም ከኪስ ሳይሆን ስለ ስስት ካደረባቸው አመለካከት ነው ማለት ነው። የእኛ አነጋገር ታዲያ ምንድን ነው? በለቅሶ ቤትም በሠርግ ቤትም፣ ለሕፃንም ለአዋቂም፣ የስስትን ጥቅም ሳያስጽፍ የሚያስጠና ትምህርት አይደለምን?

በተቃራኒው በኔዘርላንድስ የተካሄደና በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመ ሌላ ጥናት አለ። ተመራማሪዎቹ በስሕተት የመጣ የሚመስል፣ 5 ወይም 20 ዩሮ በውስጡ የሚታይ ፖስታ በሀብታሞችና በድሆች ቤት ደጃፍ ጣሉ። ፖስታውን ለባለቤቱ በመመለስ ሀብታሞቹ ከድሆቹ በእጥፍ በልጠው ተገኙ። ይሁንና አጥኚዎቹ ድሆቹ ልባቸው የከፋ ነው አላሉም፤ ልዩነቱን ያመጣው የገንዘብ እጥረትና እጥረቱ የሚፈጥረው ጭንቀት ነው የሚል ድምዳሜ ላይ ደረሱ።

ሁለቱን ጥናቶች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው እርስ በርስ የሚጣሉ ሊመስሉት ይችላሉ፤ ለእኔ ግን የአነጋገሩን ሁለት ጫፎች የያዙ ናቸው። የመጀመሪያው የሚለካው ከለላን ነው፤ ማንም የማይጠይቀው ሰው ሌላውን ማየት ይተዋል። ሁለተኛው የሚለካው እጦትን ነው፤ የቸገረው ሰው በእጁ የገባውን መመለስ ይከብደዋል። «ሲሾም» የሚለው ቃል የሀብታሙን ከለላ ይሰጠዋል፤ «ሲሻር» የሚለው ደግሞ የድሃውን ጭንቀት ከነገ አምጥቶ ዛሬ ያስቀምጥበታል። ሹሙ በአንድ አካል ሀብታምም ድሃም ነው፤ ለመብላት የሚያስችለው የመጀመሪያው ነው፣ ለመብላት የሚገፋፋው ሁለተኛው ነው። አነጋገሩን ስለ ሆዳምነት ብቻ የተነገረ አድርገው የሚተረጉሙ ሰዎች «ሲሻር» የሚለውን ቃል ሳያነቡት ያለፉ ይመስለኛል።

ሥርዓቱ በርግጥ ተለውጧል። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሾሙ፤ በ1934 ዓ.ም. የጠቅላይ ግዛት ሹማምንት ደመወዝተኛ እንዲሆኑ ታወጀ፤ ጉልት በ1958 ዓ.ም. ቀረ፤ በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ባላባቱን ከነግብሩ አነሣው። ጉልት ሲቀር ተረቱም አብሮ መቅረት ነበረበት። ሆኖም የሆነው ተቃራኒው ነው፤ በጉልት ዘመን የአሠራር መግለጫ የነበረው አነጋገር በደመወዝ ዘመን የሌብነት ማመካኛ ሆኖ ቀጠለ። ቃሉ ያው፣ የሚበላው ግን የገበሬ ማርና እህል መሆኑ ቀርቶ የመሥሪያ ቤት በጀት፣ የመሬት ካርታና የጨረታ ኮሚሽን ሆነ። የፌዴራል የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን በ1993 ዓ.ም. ተቋቁሟል፤ ሹማምንት ሀብታቸውን እንዲያስመዘግቡ የሚያስገድደው አዋጅ ቁጥር 668/2002ም ወጥቷል። እነዚህ ሁሉ የሚጠብቁት «ያልበላ» የሚለውን ቃል ነው፤ ከከፍተኛ ባለሥልጣናት በታች ያለው የተሻረ ሰው በማግስቱ ምን እንደሚበላ፣ ልጁን የት እንደሚያስተምር፣ ቤቱን በምን እንደሚያድስ የሚጠይቅ አዋጅ ግን አላየሁም። በእኔ ግምት ተረቱን የሚያኖረው ይህ ክፍተት ነው።

አነጋገሩ በሦስተኛ ወገን ብቻ ሲነገር ስለምንሰማው የተነገረበት ሰው ምን እንደሚል እምብዛም አናውቅም። ልጅ ሳለሁ ጎረቤታችን የነበሩ ጋሽ እገሌ ብዬ የምጠራቸው ሰው በአንዲት ትንሽ ከተማ ለብዙ ዓመታት የመሬት ጉዳይ ኃላፊ ሆነው ሠርተዋል። ከተማዋ ውስጥ ያለው ጥሩ ጥሩ ቦታ ሁሉ በእሳቸው ፊርማ አልፏል፤ የእሳቸው ቤት ግን ዛሬም የጭቃ ግድግዳ፣ ዝገቱ የበላው ቆርቆሮ ነው። ባለፈው ሐምሌ ልጠይቃቸው ስሄድ ባለቤታቸው በሰፌድ ምስር እየለቀሙ ነበር። ወሬ በወሬ ሲያያዝ፣ ቀና እንኳ ሳይሉ፣ አንዲት ድንጋይ በጥፍራቸው አውጥተው ወደ ውጭ እየወረወሩ «ሲሾም ያልበላ ሲሉ እኮ የኔን ባል ማለታቸው ነው» አሉኝ። ሃምሳ ዓመት የቆየ ቀልድ እንደሚነገር ሁሉ በድምፃቸው ውስጥ ኩራትም ብስጭትም ነበረበት፤ የትኛው እንደሚበልጥ መለየት አልቻልኩም።

ጋሽዬ ሳቁ። እኔም ነገሩ ለጽሑፍ ይሆነኛል ብዬ አስቤ ነበርና በድፍረት «እውነት ይቆጭዎታል?» ስል ጠየቅኋቸው። ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ስለጀመረ መልሳቸውን ለመስማት ጠጋ ማለት ነበረብኝ። ጥግ ላይ የተቀመጠውን የላስቲክ ሳፋ በእግራቸው ገፋ አድርገው ከሚያፈሰው ቦታ ሥር አስተካከሉትና፣ «ክረምት ክረምት ይቆጨኛል» አሉኝ።