የጀልባ ወለል «ኮር» ምንድን ነው?

የቆየ የፋይበርግላስ ጀልባ ላይ ገመድ የሚታሰርበት ብረት መነቃነቅ ይጀምራል። ወይ ደግሞ ዳር ላይ ሰው የሚደገፍበት ቋሚ ሲይዙት ይወዛወዛል። ያኔ ሁሉም ሰው ቁልፍ ያነሳና ቡሎኑን ጥርቅም ያደርገዋል። ለአንድ ሰሞን ይይዛል፣ ከዚያ እንደገና ይላላል። ቡሎኑ ምንም አላጠፋም። የተበላሸው ቡሎኑ የተሰካበት ነው፣ እሱም ኮር ይባላል።

ኮር በሁለት ስስ የፋይበርግላስ ንጣፎች መሃል የሚገባው ቀላል ነገር ነው፤ ባጭሩ ሳንድዊች። ስስ ፋይበርግላስ ሲረግጡት ይረግባል። እንዳይረግብ እናወፍረው ከተባለ ደግሞ ይከብዳል፣ ይወደዳልም። ስለዚህ ሁለቱን ንጣፎች አራርቆ መሃሉን መሙላት ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ1959 አሜሪካ ውስጥ ለገበያ የወጣችው ባለ 28 ጫማዋ ፒርሰን ትራይተን የፋይበርግላስ ጀልባን በሰፊው ካስለመዱት አንዷ ናት፤ የብዙዎቹ ትራይተኖች የላይኛው ወለል መሃሉ ባልሳ ነው። ባልሳ በብዛት ከኢኳዶር የሚመጣ በጣም ቀላል እንጨት ነው። ሌሎች ጀልባዎች ላይ ኮምፔንሳቶ ወይም ፎም ታገኛላችሁ።

ችግሩ የሚመጣው ከቀዳዳው ነው። ፋብሪካው ወለሉን በስቶ፣ ትንሽ ማስቲሽ ቀብቶ፣ ብረቱን አሰረና ሸጠው። ማስቲሹ በዓመታት ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ውሃ በቡሎኑ ጎን ሰርጎ እንጨቱን ያበሰብሰዋል፤ ከላይ ግን ምንም አይታይም። ይህን የበሰበሰ እንጨት በቡሎን ስታጠብቁት ይጨፈለቃል፣ ንጣፉ ይጎደጉዳል፣ ጉድጓዱ ደግሞ ውሃ ያቁራል። ማጥበቅ የሚያባብሰው ለዚህ ነው።

ቁርጡን ማወቅ ቀላል ነው። በመዶሻ እጀታ ብረቱን እየዞራችሁ ወለሉን ቀስ ብላችሁ ምቱት። ደህናው ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የበሰበሰው ድፍን ይላል። ብረቱን ስትፈቱ ከቀዳዳው ቡናማ ውሃ ከወጣ ሌላ ማረጋገጫ አያስፈልግም። የተጎዳው ቦታ ሰፊ ከሆነ ንጣፉን ቆርጦ ኮሩን መቀየር ነው፣ እሱ ሌላ ሥራ ነው። ጉዳቱ ቀዳዳው ዙሪያ ብቻ ከሆነ ግን እጃችሁ አይፈራ።

8 ሚሊሜትር ቡሎን ከሆነ ከላይ እስከ 16 ሚሊሜትር በሚደርስ ፑንታ አስፉት፤ የታችኛውን ንጣፍ ግን እንዳትበሱት። የበሰበሰውን ጠርጉ፣ ከዚያ በደንብ ይድረቅ። እዚህ ላይ ነው ሰው የሚቸኩለው። እርጥብ እንጨት ላይ ኤፖክሲ (ሁለት ፈሳሽ ተደባልቆ የሚጠነክር ሙጫ) ማፍሰስ ውሃውን ውስጥ ቆልፎ መሄድ ነው፣ ከአንድ ሳምንት በላይ ቢፈጅም ጠብቁ። ሲደርቅ የድሮውን ቀዳዳ ከታች በቴፕ ድፈኑ፣ መጀመሪያ ቀጭን ኤፖክሲ አጠጡት፣ ከዚያ በሲሊካ ዱቄት ወፈር ያለውን ሙሉት። ከጠነከረ በኋላ መሃሉን በ8 ብሱት። አሁን ቡሎኑ የሚያልፈው በኤፖክሲ ውስጥ ነው፣ ውሃ ቢገባ እንኳ እንጨቱን አያገኘውም። አፉን በሰፊ ፑንታ ትንሽ ጠረብ አድርጉት፣ ማስቲሹ እዚያ ተጠራቅሞ ቀለበት ይሠራል።

ለማሸግ እኔ የምመርጠው ቡቲል ነው፣ እንደ ሊጥ የሚለጠጥ ለስላሳ ማሸጊያ። ሲሊኮን በኔ እምነት እዚህ ቦታ የለውም፤ ቅሪቱ ላይ በኋላ ሌላ ነገር አይጣበቅም። ኃይለኛ ፖሊዩሪቴን ማጣበቂያ ደግሞ ከመጠን በላይ ይይዝና አንድ ቀን ብረቱን ስትነቅሉ የወለሉን ገጽ ይዞ ይነሳል።

ከታች ትንሽ ሮንዴላ ብቻ አትተዉ፣ ሰው የሚደገፍበት ብረት ከሆነማ ጨርሶ። ሰፋ ያለ የፋይበርግላስ ወይም የማይዝግ ብረት ሳህን አድርጉ፣ ጫናውን እሱ ያከፋፍለዋል። አልሙኒየም ከማይዝግ ቡሎን ጋር በጨው ውሃ ይበላል። የድሮ ቡሎኖችንም መልሳችሁ አትጠቀሙ። የማይዝግ ብረት አየር በማያገኝ እርጥበት ውስጥ ሲኖር ይዝጋል፣ የቡሎኑ ጭንቅላት እያበራ አንገቱ የተበላ ይኖራል።

ስታጠብቁ አንድ ሰው ከላይ ቡሎኑን እንዳይዞር አድርጎ ይያዝ፣ ሌላው ከታች ዳዶውን ያዙር፤ ቡሎኑ ከዞረ ማሸጊያው ይቀደዳል። ቡቲል በዝግታ ስለሚወጣ በማግሥቱ ፀሐይ ሲሞቅ ተመልሳችሁ ዳዶውን ትንሽ አጥብቁት፣ ዳር የወጣውንም በፕላስቲክ ቢላ ቁረጡት።