ኢቃማ፦ ካርዱ በኪስ፣ ቁልፉ በ«ከፊል» እጅ

ሳዑዲ አረቢያ ውስጥ ሐበሻና ሐበሻ ሲተዋወቁ ከስምና ከትውልድ አገር ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «ኢቃማ አለሽ?» ነው። ኢቃማ የመኖሪያ ፈቃድ ነው። ቃሉ ዐረብኛ ቢሆንም ከሪያድና ከጂዳ ተሻግሮ ወሎ ገጠር ድረስ ገብቷል። ልጇን ዐረብ አገር የላከች እናት አስተርጓሚ አያስፈልጋትም።

ለሥራ የሚሄድ ሰው ፓስፖርቱ ላይ የሚያገኘው ቪዛ ማስገቢያ ብቻ ነው። ከገባ በኋላ አሠሪው፣ ማለትም በዐረብኛ «ከፊል» የሚባለው ስፖንሰር፣ በ90 ቀን ውስጥ ኢቃማ ሊያወጣለት ይገባል። የጤና ምርመራ አለ፣ አሻራ አለ። ፈቃዱን የሚሰጠው ጀዋዛት የሚባለው የፓስፖርት መሥሪያ ቤት ነው። የኢቃማ ቁጥር 10 አሃዝ ሲኖረው በ2 ይጀምራል፤ የዜጎቹ መታወቂያ በ1። አንዷ አሃዝ ባለአገሩን ከእንግዳው ትለያለች።

ካርዱን ትንሽ ቀረብ ብለን እንየው። እ.ኤ.አ. በ2015 «ሙቂም» የተባለው አዲሱ ካርድ ሲመጣ የሚያገለግለው ለ5 ዓመት ሆነ። ፈቃዱ ግን በየጊዜው በኮምፒውተር ነው የሚታደሰው። ስለዚህ የሚያበቃበት ቀን ከካርዱ ላይ ቀረ። ውጤቱ ግራ ያጋባል፦ ካርዱ አምሮበት ኪስ ውስጥ ተቀምጦ ፈቃዱ ከወር በፊት የሞተ ሊሆን ይችላል። ማወቂያው አብሽር የተባለው የመንግሥት መተግበሪያ ነው።

ቀኑም ራሱ ጣጣ ነበረው። ለብዙ ዓመታት ሲቆጠር የኖረው በሂጅራ ነው። የሂጅራ ዓመት ከፈረንጆቹ በ11 ቀን ገደማ ያጥራል። የእኛ ሰው በልቡ የያዘው ኅዳርና ታኅሣሥን፣ ስልኩ የሚያሳየው የፈረንጁን፣ ጀዋዛት ይቆጥር የነበረው ሙሐረምና ሰፈር የሚባሉትን የሂጅራ ወራት። በሦስት ካሌንደር መሀል 11 ቀን መሳት ቀላል ነበር። አዘግይቶ ማደስ ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ 500 ሪያል፣ ለሁለተኛው 1,000 ሪያል ያስቀጣል። ሦስተኛው ወደ አገር መመለስ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ሌላ ነው። ኢቃማውን የሚያድሰው ባለቤቱ አይደለም፤ ከፊሉ ነው። ሠራተኛው ገንዘቡን ቆጥሮ ቢያዘጋጅ እንኳ ከፊሉ ስልኩን ከፍቶ ካልነካው ምንም የለም። የፓስፖርቱ ጊዜ ካለፈም እድሳት የለም። ፓስፖርቱን መያዝ በሕግ ቢከለከልም ብዙ ከፊል ቆልፎ ያስቀምጠዋል። እሱን ሳትይዝ ኤምባሲ ሄደህ ምን ብለህ ታሳድሳለህ?

ክፍያውን እንይ። የአንድ ዓመት ኢቃማ ለቤት ሠራተኛ 600፣ ለድርጅት ሠራተኛ 650 ሪያል ነው። ልዩነቱ 50 ሪያል ብቻ ይመስላል። ኧረ ወዲያ! ድርጅት በእያንዳንዱ የውጭ ሠራተኛ ላይ የሚጣል የሥራ ፈቃድ ክፍያ አለበት፤ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ በወር እስከ 800 ሪያል፣ በዓመት 9,600 ይደርሳል። ሱቅ ውስጥ የሚሠራ ሰው ኢቃማው ላይ «የቤት ሹፌር» ተብሎ የሚገኘው አንድም በዚህ ምክንያት ነው። የሠራተኛ ሕጉ አንቀጽ 40 የኢቃማውንም የእድሳቱንም ወጪ በአሠሪው ላይ ይጥላል። «ፍሪ ቪዛ» በሚባለው መንገድ የሄደ ሰው ግን ከፊሉ በስም ብቻ ስለሆነ ሁሉንም የሚከፍለው ራሱ ነው። ስሙ ፍሪ፣ ነገሩ ውድ።

ለእረፍት አገር ቤት ገብቶ መመለስም ፈቃድ ይጠይቃል፤ ኹሩጅ ወአውዳ ይሉታል። ለአንድ ጉዞ እስከ ሁለት ወር 200 ሪያል፣ ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ወር 100 ሪያል ይጨመራል። ጠቅልሎ መውጫው ኹሩጅ ኒሃኢ ነው። ቪዛው ከተሰጠበት ቀን አንሥቶ እስከ 60 ቀን ይሠራል፤ ሳይሰረዝ ካለፈ ቅጣቱ 1,000 ሪያል ነው።

ሁሩብን የማያውቅ የለም። ከፊሉ ሠራተኛዋ ጠፋች ብሎ ማመልከቱ ነው፤ ያኔ ኢቃማዋ አደጋ ላይ ይወድቃል። በእርግጥ ጠፍታ የምትሠራ አለች። ደሞዝ ስለጠየቀች ብቻ ሁሩብ የተደረገባትም አለች፤ መዝገቡ ሁለቱን አይለይም። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2013 ሕጋዊ ፈቃድ የሌላቸውን የማስወጣት ዘመቻ ሲጀመር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ።

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 ማሻሻያ መጣ። የድርጅት ሠራተኛ ቅድመ ሁኔታውን ካሟላ ያለ ከፊሉ ፈቃድ ሥራ መቀየርና የመውጫ ቪዛ ራሱ መጠየቅ ቻለ። የቤት ሠራተኞች፣ የቤት ሹፌሮች፣ እረኞችና አትክልተኞች ግን ከማሻሻያው ውጭ ቀሩ። በኮንትራት የሚሄዱት እህቶቻችን በብዛት ያሉት ደግሞ እዚያው ዝርዝር መጀመሪያ ላይ ነው።