«ዴፊኒቲቭ ማፕ» ምንድን ነው?

በእንግሊዝና በዌልስ ገጠር፣ መሬቱ የግለሰብ ሆኖ በመካከሉ የማለፍ መብቱ የሕዝብ የሆነ መንገድ ብዙ ነው። ይህ መብት የሚመዘገብበት ሕጋዊ ካርታ ዴፊኒቲቭ ማፕ ይባላል። የካውንቲ ምክር ቤቶች እንዲያዘጋጁት ያስገደደው እ.ኤ.አ. በ1949 የወጣ ሕግ ነው። መንገዱ ለእግረኛ ብቻ፣ ለፈረስና ለብስክሌት ጭምር፣ ሞተር ለሌለው ሁሉ ወይስ ለማንኛውም ተሽከርካሪ እንደሆነ ተለይቶ ይሰፍርበታል።

የሰፈረ መንገድ፣ ካርታው እስካልተስተካከለ ድረስ፣ የማያዳግም ማስረጃ አለው። ያልሰፈረ መንገድ ግን መብት የለበትም ማለት አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሕዝብ ያለ ጉልበት፣ ሳይደበቅ፣ ሳያስፈቅድም 20 ዓመት ሙሉ ከተመላለሰበት፣ ባለመሬቱ ፈቃደኛ እንዳልነበረ እስካላሳየ ድረስ መንገዱን ለሕዝብ እንደሰጠ ይቆጠራል። ሃያው ዓመት የሚቆጠረው ከዛሬ አይደለም። በሩ ከተቆለፈበት ወይም «ማለፍ ክልክል ነው» ተብሎ ከተለጠፈበት ዕለት ወደ ኋላ ነው። ስለዚህ ያንን ቀን ወዲያው መዝግቦ ፎቶ ማንሳት ያስፈልጋል።

ያልሰፈረ መንገድ በካርታው እንዲመዘገብ የሚፈልግ አመልካች የማመልከቻ ቅጹን ከ1:25,000 ባላነሰ መጠን ከተሠራ ካርታና ከማስረጃዎቹ ቅጂ ጋር ለምክር ቤቱ ያቀርባል፤ ለባለመሬቱና በመሬቱ ለሚጠቀመው ማስታወቂያ ያደርሳል፤ ማድረሱንም በጽሑፍ ያረጋግጣል። ምክር ቤቱ ከዚያ በኋላ በ12 ወር ካልወሰነ በበላይ አካል በኩል መግፋት ይቻላል። እያንዳንዱ ምስክር ከስንት እስከ ስንት ዓመተ ምሕረት፣ በሳምንት ስንቴ፣ በየት በኩል እንዳለፈ በራሱ ቃል ይጻፍ። አንዱ የጻፈውን ሁሉም ሲገለብጠው ምስክርነቱ ይረክሳል። በባለመሬቱ ፈቃድ ያለፈ ሰው ቃልም አይረዳም። የቆዩ የአሥራት ካርታዎችና የመሬት ክፍፍል ሰነዶች ግን ከሰው ትዝታ ያለፈውን ዘመን ያስረዳሉ። «መንገዱ ያምራል፣ ይጠቅማል» የሚለው ሙግት ቦታ የለውም፤ የሚጠየቀው መብቱ መኖሩ ብቻ ነው።

ከተመዘገበም በኋላ ጥበቃ ይፈልጋል። መንገድ ገፍቶ ማረስ እዚያም አለ። በማሳ ዳር ያለን የእግር መንገድ ማረስ ክልክል ነው። ማሳውን የሚያቋርጠው፣ አማራጭ ከሌለ፣ ሊታረስ ይችላል፤ ሆኖም በመጀመሪያው እርሻ በ14 ቀን፣ በዚያው ወቅት ዳግም ከተነካ በ24 ሰዓት ውስጥ ተደልድሎ መለየት አለበት። ስፋቱ ካልተመዘገበ ቢያንስ 1 ሜትር፣ የፈረስ ከሆነ 2 ሜትር ይተውለታል። ገበሬው ካላስተካከለ ቀኑን፣ ቦታውንና ፎቶውን ለምክር ቤቱ ማድረስ ነው፤ መንገዱን የማስከበር ግዴታው የምክር ቤቱ ነው።