የቀረበ የጥናት ጽሑፍን ከጆርናል መልሶ መውሰድ፦ በሐረርና በድሬዳዋ ተመራማሪዎች ዘንድ

ጽሑፍን ከጆርናል መልሶ መውሰድ፣ ተመራማሪዎች በዕለት ንግግራቸው «ዊዝድሮ ማድረግ» የሚሉት፣ ለኅትመት የቀረበ የጥናት ጽሑፍ ገና ሳይታተም በጸሐፊዎቹ ጥያቄ ከጆርናሉ የግምገማ ሂደት እንዲወጣ የሚደረግበት አሠራር ነው። ከኅትመት በኋላ በከባድ ስሕተት ወይም በሥነ ምግባር ጥሰት ምክንያት ከሚፈጸመው ስረዛ ጋር መምታታት የለበትም። ስረዛ በይፋ ማስታወቂያ ይገለጻል፣ ማስታወቂያውም ከጽሑፉ ጋር ተያይዞ ይኖራል፤ ሳይታተም የተወሰደ ጽሑፍ ግን ብዙውን ጊዜ ከጆርናሉ የውስጥ መዝገብ ውጭ የሚታይ ምልክት አይተውም። በሥርዓቱ የተፈጸመ እንደሆነም በጸሐፊው ስም ላይ ነቀፋ አያመጣም።

በምሥራቅ ኢትዮጵያ ይህ አሠራር በብዛት የሚያጋጥመው በሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ዙሪያ ነው። ከሐረር 17፣ ከድሬዳዋ ደግሞ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኘው ይህ አንጋፋ ተቋም መነሻው በ1950ዎቹ መጀመሪያ (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት እ.ኤ.አ. ናቸው) ከኦክላሆማ የእርሻና የሜካኒካል ኮሌጅ ጋር በተደረገ ትብብር የተቋቋመው የእርሻ ኮሌጅ ሲሆን፣ ትምህርቱ ለጊዜው በጅማ ተጀምሮ በ1956 ወደ አለማያ (የአሁኗ ሐረማያ) ተዛውሯል፤ በጥር 1958 ደግሞ በቀዳማዊ አፄ ኃይለ ሥላሴ ተመርቋል። በማሽላ ምርምራቸው በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን የተቀበሉት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ያገኙት ከዚሁ ኮሌጅ በ1973 ነው። በ1985 የእርሻ ዩኒቨርሲቲ ለመሆን የበቃው ተቋም በ2006 የአሁኑን ስሙን የያዘ ሲሆን፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ የምሥራቅ አፍሪካ ሳይንስ ጆርናልን ማሳተም ጀምሯል። በሐረር ከተማ ሕይወት ፋና ሆስፒታልን ይዞ የሚሠራው የጤናና ሕክምና ሳይንስ ኮሌጁ፣ ከ2007 ጀምሮ በቀርሳ ወረዳ የሕዝብና የጤና ክትትል መረጃ ሲሰበስብ የቆየ በመሆኑ፣ ወደ ውጭ አገር ጆርናሎች የሚላኩ በርካታ ጽሑፎች መነሻ ሆኗል። የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ መምህራንም በዚሁ መንገድ ያልፋሉ።

ጸሐፊዎች ጽሑፋቸውን መልሰው እንዲወስዱ ከሚያደርጓቸው ምክንያቶች ቀዳሚው የግምገማ መዘግየት ነው። የደረጃ ዕድገት የሚጠብቅ መምህር ወይም የሦስተኛ ዲግሪ መመረቂያ መስፈርቱን ለማሟላት የሚጣደፍ ተማሪ፣ ከጆርናሉ ለወራት መልስ ሲያጣ ፊቱን ወደ ሌላ ጆርናል ማዞሩ የሚጠበቅ ነው። በመረጃ ትንተናው ላይ ስሕተት መገኘቱ፣ በጸሐፊዎች ስም ቅደም ተከተል አለመስማማት ወይም ጆርናሉ ከጽሑፉ ርዕሰ ጉዳይ ጋር አለመገጣጠሙም ሌሎች ምክንያቶች ናቸው። ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን፣ አንድን ጽሑፍ በአንድ ጊዜ ለሁለት ጆርናሎች ማቅረብ የተከለከለ ነው። የዓለም አቀፉ የሕክምና ጆርናል አዘጋጆች ኮሚቴ፣ በቋንቋ ቢለያይም እንኳ አንድ ጽሑፍ በተመሳሳይ ጊዜ ወደ ከአንድ በላይ ጆርናል መላክ እንደሌለበት ይደነግጋል፤ የሕትመት መብት ክርክር ከማስነሳቱም በላይ የሁለት ጆርናሎችን ገምጋሚዎች ድካም በከንቱ ያስቀራልና። ስለዚህ ከመጀመሪያው ጆርናል የማረጋገጫ መልስ ሳይደርስ ወደ ሁለተኛው መላክ፣ ጥያቄው ቀድሞ የቀረበ ቢሆንም፣ ደንቡን መጣስ ነው።

ጥያቄው የሚቀርበው በደብዳቤ ወይም በኢሜይል ለዋናው አዘጋጅ ሲሆን፣ የሚጽፈውም ከጆርናሉ ጋር እንዲጻጻፍ የተሰየመው ጸሐፊ ነው። ደብዳቤው የጽሑፉን ሙሉ ርዕስ፣ በገባበት ጊዜ የተሰጠውን መለያ ቁጥር፣ የሁሉንም ጸሐፊዎች ስምና የመውጫውን ምክንያት በአጭሩ ይይዛል፤ ብዙ ጆርናሎች የሁሉም ጸሐፊዎች ፊርማ ወይም የስምምነት ኢሜይል እንዲያያዝ ይጠይቃሉ። ተማሪው ተመርቆ ወደ ጅጅጋ ወይም ወደ ጭሮ በሄደበትና አማካሪው ለትምህርት ውጭ አገር በሆነበት ሁኔታ፣ ይህን ፊርማ ማሰባሰቡ ከደብዳቤው አጻጻፍ የበለጠ ጊዜ ይወስዳል። ጽሑፎችን በኦንላይን የሚቀበሉ አንዳንድ ሥርዓቶች ለጸሐፊው የመውጫ ቁልፍ ሲሰጡ፣ ሌሎች ደግሞ ውሳኔውን ለአዘጋጁ ብቻ ይተዋሉ። ቁልፉን የተጫነ ሰውም ቢሆን ሥራው የሚያበቃለት በገጹ ላይ ጽሑፉ መውጣቱ ሲመዘገብና የጆርናሉ ደብዳቤ ሲደርሰው ነው። ያን ደብዳቤ በጥንቃቄ ማስቀመጥ ተገቢ ነው፤ ሁለተኛው ጆርናል የመጀመሪያውን አቅርቦት ታሪክ የጠየቀ እንደሆነ ዋናው ማስረጃ እርሱ ነው።

ጊዜው በገፋ ቁጥር መውጣቱ ይከብዳል። ገምጋሚ ከመመደቡ በፊት የቀረበ ጥያቄ ያለ ክርክር ይፈጸማል፤ ገምጋሚዎች አስተያየታቸውን ከሰጡ በኋላ ግን አዘጋጁ አጥጋቢ ምክንያት ይጠይቃል፣ ይህም ያለ ክፍያ የሚሠሩ ምሁራን ድካም ስለሆነ ተገቢ ነው። ጽሑፉ ተቀባይነት ካገኘ በኋላ መውሰድ ይቻላል ወይ በሚለው ላይ የጆርናሎች አቋም ይለያያል። ከቅድመ ኅትመት፣ ማለትም ረቂቁ ሳይገመገም በኦንላይን ለሁሉም ከሚወጣበት አሠራር ጋር የተያያዘው ጉዳይ ደግሞ ብዙዎችን ያስገርማል፦ ባዮሜድ ሴንትራል ወደተባለው አሳታሚ አንዳንድ ጆርናሎች ሲላክ ጸሐፊው በፈቀደው መሠረት ሪሰርች ስኩዌር በተባለው የረቂቆች ድረ ገጽ ላይ የወጣ ረቂቅ፣ ጽሑፉ ከጆርናሉ ተመልሶ ቢወሰድም ቋሚ መለያ ቁጥሩን ይዞ እዚያው ይቆያል። በሐረር የተሰበሰበ መረጃን ይዞ በዚህ መንገድ የወጣ ረቂቅ በፍለጋ መገኘቱ ስለሚቀጥል፣ ጸሐፊው ፈቃዱን ከመስጠቱ በፊት ሊያስብበት ይገባል።

የመውጫ ክፍያ ሌላው አከራካሪ ነጥብ ነው። ጥቂት ጆርናሎች ገንዘብ የሚጠይቁት የግምገማ ወጪን ለመተካት ነው ቢሉም፣ ግምገማው እንኳ ሳይጀመር ክፍያ እስኪፈጸም ጽሑፉን አንለቅም ማለት የአጭበርባሪ ጆርናሎች መለያ ባሕርይ ነው። የኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ዓ.ም.) መብቱን ሥራው ከተፈጠረበት ጊዜ ጀምሮ ያለ ምዝገባ ለጸሐፊው ስለሚሰጥ፣ የመብት ማስተላለፊያ ውል ያልፈረመ ጸሐፊ የሥራው ባለቤት እንደሆነ ይኖራል፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ የደረሰውም ገንዘብ ሳይልክ መውጣቱን በጽሑፍ አሳውቆ ቅጂውን ለትምህርት ክፍሉ ማቅረብ ይችላል።

በጸሐፊዎቹ መካከል አለመግባባት ሲኖር፣ ለምሳሌ ከቀርሳ በተሰበሰበ መረጃ ላይ የተሠራ ጽሑፍ ከጆርናሉ እንዲወሰድ አንዱ ጸሐፊ ጠይቆ ሌላው ሲቃወም፣ ጆርናሎች ራሳቸው ዳኛ ለመሆን አይነሡም። በ1997 በብሪታንያ የተቋቋመው የኅትመት ሥነ ምግባር ኮሚቴ መመሪያዎችም የጸሐፊነት ክርክርን ለተቋሙ መተውን የሚመክሩ ሲሆን፣ አዘጋጁም ግምገማውን ለጊዜው አቁሞ የጸሐፊዎቹ ዩኒቨርሲቲ የሚሰጠውን የጽሑፍ ውሳኔ ይጠባበቃል።